ስታቲስቲክስ ለፍትሕ ተማሪ አያስፈልግም ላሉት ጸሐፊ

ሰሞኑን ባሕር ዳር ባለን የሕግና የፖሊስ ሰዎች ዘንድ አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ከርሟል። ተማሪዎቼም ላኩልኝ። ጭብጡ ባጭሩ ይህ ነው፦ በወንጀል ፍትሕ ትምህርት ውስጥ የሚሰጠው የስታቲስቲክስ መግቢያ ኮርስ ይቅር። ጸሐፊው አምስት ምክንያት ያቀርባሉ። ተማሪው ከሒሳብ ሸሽቶ የመጣ ስለሆነ ኮርሱ ውጤቱን ከማበላሸት በቀር አይጠቅመውም። ፍትሕ የሚሰጠው ለአንድ ሰው እንጂ ለአማካይ ሰው አይደለም። የአገራችን የወንጀል መረጃ ስለማይታመን እሱን መተንተን ከንቱ ድካም ነው። ስሌቱን ኮምፒውተር ይሠራዋል። በመጨረሻም፣ አባቶቻችን ያለ ስታቲስቲክስ ሌባ ይይዙ ነበር።

እኔ ይህን ኮርስ ቅዳሜና እሁድ ለሚማሩ ፖሊሶች፣ የፍርድ ቤት ሠራተኞችና ወጣት ዐቃብያነ ሕግ አስተምራለሁ። ስለዚህ ዝም ብሎ ማለፍ አልሆነልኝም። ጸሐፊው ቅን ሰው እንደሆኑ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ለተማሪው አዝነው ነው የጻፉት። እኔም የምጽፈው አዝኜ ነው። ለተማሪውም፣ ነገ በዚያ ተማሪ እጅ ጉዳዩ ለሚወድቀው ሰውም።

ተማሪው ከሒሳብ ሸሽቶ መጣ የሚለው ግማሽ እውነት አለው። ሒሳብ የሚፈራ ሞልቷል። ግን የሶሻል ተማሪም እስከ 12ኛ ክፍል ሒሳብ ይማራል፣ ይፈተናልም። ለመግቢያ ኮርሱ ደግሞ የሚበቃው መደመር፣ ማካፈል፣ መቶኛ ማውጣትና ትዕግሥት ነው። የሚያስፈራው ሒሳቡ ሳይሆን አሰጣጡ ነው። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ፎርሙላ በቃል አስጠንቶ ፈተና ላይ ማስገልበጥ ትምህርት አይባልም። ስለ ይሆንታ፣ ማለትም አንድ ነገር የመሆን ዕድሉ ስንት እንደሆነ ስናስተምር፣ ከውጭ መጽሐፍ የተቀዳውን የመጫወቻ ካርታ ጥያቄ እንዳለ እናመጣለን። ካርታ ነክቶ የማያውቅን የዘጌ ልጅ ከ52 ካርታ ውስጥ ንጉሥ የመውጣት ዕድሉ ስንት ነው ብሎ መጠየቅ ምን ይባላል? ልጁ የሚወድቀው ይሆንታ ከብዶት ሳይሆን ካርታውን ስለማያውቀው ነው።

ካርታውን ትተን ከፖሊስ ሰንጠረዥ ስንጀምር ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። አንድ ቅዳሜ ለልምምድ ብዬ ራሴ የፈጠርኩትን ሰንጠረዥ ለክፍሉ አደልኩ። የአንድ ከተማ የስርቆት አቤቱታ በየወሩ ተዘርዝሯል። ሐምሌ 57፣ ነሐሴ 60፣ ጳጉሜን 11፣ መስከረም 63። ምን ታያላችሁ አልኩ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሳጅን እጁን አወጣ። «ጳጉሜን ላይ ስርቆት በጣም ቀንሷል መምህር። ለበዓሉ ጥበቃ ስለሚጠናከር ነው» አለ። ምክንያቱንም ጨምሮ ነው የመለሰው። ክፍሉ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ከፊት የተቀመጠች የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ግን እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና «ጳጉሜን እኮ አምስት ቀን ናት» አለች።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ ሁሉም ስልኩን እያወጣ ማካፈል ጀመረ። ነሐሴ 60 ለ30 ሲካፈል በቀን 2። ጳጉሜን 11 ለ5 ሲካፈል በቀን 2.2። ቀነሰ የተባለው እንዲያውም ከፍ ብሎ ተገኘ። ሳጅኑ ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበና ማንም ሳያዘው ሐምሌንና መስከረምንም ማካፈል ያዘ። ጥበቃው ተጠናክሮ ይሁን አይሁን ከዚህ ሰንጠረዥ አይታወቅም። የታወቀው ነገር ቢኖር «ቀነሰ» ለማለት የሚያበቃ ነገር አለመኖሩ ነው። ያን ቀን ከሒሳብ የሚሸሽ ሰው አላየሁም።

ሁለተኛው ነጥብ የጽሑፉ ልብ ነው። አማካይ ሰው ተከሳሽ ሆኖ ችሎት አይቆምም፤ የሚቆመው ስም፣ እናትና ታሪክ ያለው አንድ ሰው ነው ይላሉ። ይህን ዓረፍተ ነገር ሳነብ ልቤ ተነክቷል። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። አማካይ ቁጥር ሰውን እንደሚደብቅ የሚያስተምረው ትምህርት የትኛው ነው?

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በአንድ ጣቢያ ሰባት ተጠርጣሪዎች በቁጥጥር ሥር የቆዩበት ቀን 3፣ 4፣ 4፣ 5፣ 6፣ 7 እና 125 ነው እንበል። ድምሩ 154 ነው። ለሰባት ሲካፈል አማካዩ 22 ቀን ይመጣል። አሁን ይህን ቁጥር ሪፖርት ላይ ያየ አለቃ ምን ያስባል? እዚህ ጣቢያ ሰው ሦስት ሳምንት ያህል ይታሰራል ብሎ ያስባል። ከሰባቱ ግን 22 ቀን አካባቢ የቆየ አንድም የለም። ስድስቱ በሳምንት ውስጥ ወጥተዋል። አንዱ ከአራት ወር በላይ ተረስቷል። ቁጥሮቹን በቅደም ተከተል ደርድረን መሐል ላይ ያለውን ብንወስድ 5 ቀን ነው። ሚዲያን የሚባለው ይኸው ነው። ሚዲያኑ 5 ሆኖ አማካዩ 22 ሲሆን ኮርሱን የወሰደ ሰው ወዲያው ይነቃል። አንድ ቦታ የሆነ ሰው ተረስቷል ማለት ነው። መዝገቡን ያገላብጣል፣ 125 ቀን የታሰረውንም ሰው በስሙ ያገኘዋል። ኮርሱን ያልወሰደው 22 ብሎ ጽፎ ወደ በላይ ይልከዋል። ታዲያ ሰውየውን ያየው የትኛው ነው?

የቅጣት ጉዳይም እንዲሁ ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቅጣት አወሳሰን መመሪያ ቁጥር 2/2006 የወጣው ተመሳሳይ ወንጀል የፈጸሙ ሰዎች ተቀራራቢ ቅጣት እንዲያገኙ ነው። እርከን የሚባለው የቅጣት ደረጃ ችሎት የገባ ሰው ሁሉ ጆሮ የለመደው ቃል ሆኗል። ዓላማው መሳካቱን በምን እናውቃለን? ሁለት ችሎቶች ለአንድ ዓይነት ወንጀል ሦስት ሦስት ሰው ቀጡ እንበል። አንዱ 4፣ 5 እና 6 ዓመት። ሌላው 1፣ 5 እና 9 ዓመት። የሁለቱም አማካይ 5 ዓመት ነው። አማካዩን ብቻ የሚያይ ሰው ሁለቱ ችሎቶች እኩል ናቸው ይላል። አንድ ዓመት የተፈረደበትና ዘጠኝ ዓመት የተፈረደበት ሰው ግን እኩል ነን አይሉም። ልዩነቱ የመጣው ከወንጀሉ ክብደት ነው ወይስ ከዳኛው? ይህን ለመጠየቅ መጀመሪያ ልዩነት መኖሩን ማየት ያስፈልጋል። ተማሪውን የሚያስለቅሰው ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ሥራው ይኸው ነው። ሰዎቹ በጥቅሉ ከአማካዩ ምን ያህል እንደራቁ ይለካል። ጸሐፊው ለአንዱ ሰው የሚቆረቆሩ ከሆነ ከዚህ የተሻለ ወዳጅ አያገኙም።

ከዚህም የከበደ አለ። ቁጥር ወደ ችሎት የሚገባው እኛ ስለጠራነው አይደለም። ምስክር ይዞት ይገባል። እንግሊዝ ውስጥ ሳሊ ክላርክ የምትባል እናት ሁለት ጨቅላ ልጆቿ ሞቱባት፣ አንዱ በ1996 ሌላው በ1998 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር። ገድለሻቸዋል ተብላ ተከሰሰች። አንድ ስመ ጥር የሕፃናት ሐኪም ቀርበው፣ እንደ እሷ ባለ ቤት አንድ ጨቅላ ሳይታሰብ በተፈጥሮ የመሞት ዕድሉ ከ8,543 አንድ ነው፣ ሁለት ልጅ ሲሆን ደግሞ ይህ ቁጥር በራሱ ተባዝቶ ከ73 ሚሊዮን አንድ ይሆናል አሉ። በ1999 ጥፋተኛ ተባለች።

ስሕተቱ የት ላይ ነው? የመግቢያው ኮርስ ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያስተምረዋል። ሁለት ዕድሎችን ዝም ብለን የምናባዛው አንዱ ከሌላው ጋር ግንኙነት ከሌለው ብቻ ነው። የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጆች በዘርም በቤትም ይገናኛሉ። የመጀመሪያውን የገደለው ሕመም ሁለተኛውንም ሊያገኘው ይችላል። ሁለተኛው ስሕተት ደግሞ ይብሳል። ከ73 ሚሊዮን አንድ የተባለው ነገሩ በአጋጣሚ የመድረሱ ዕድል ነው። ሴትየዋ ንጹሕ የመሆኗ ዕድል አይደለም። እናት ሁለት ልጆቿን መግደሏም እጅግ ብርቅ ነገር ነው። ማወዳደር የሚገባው ሁለቱን ብርቅ ነገሮች ነበር። የብሪታንያ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ማኅበር በ2001 ይህን ስሕተት በይፋ ተቃወመ። በ2003 ተፈታች። ለመፈታቷ ዋናው ምክንያት ለመከላከያው ሳይነገር የቀረ የላቦራቶሪ ውጤት መገኘቱ ነበር፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን ያ ቁጥርም ጁሪውን፣ ማለትም ጥፋተኛ ናት አይደለችም ብለው የሚወስኑትን ተራ ዜጎች፣ ሊያሳስት ይችል እንደነበር ገልጿል። በ2007 ሞተች። ራሷም የሕግ ባለሙያ ነበረች። ያ ቁጥር ሲነገር ችሎቱ በሕግ ሰዎች የተሞላ ነበር። አንድ ሰው ተነሥቶ «ለምን አባዙት?» ብሎ አጥብቆ ቢጠይቅ ምን ያህል ነገር ይቀየር ነበር! እኔ ተማሪዬ ያቺን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው እንዲሆን ነው የምደክመው።

ወደ ሦስተኛው ልለፍ። የአገራችን የወንጀል መረጃ አይታመንም ይላሉ። ጉድለት እንዳለው አልክድም። ግን የነጋዴው ሚዛን ተበላሽቷል ተብሎ ሚዛን ማንበብ ይተዋል እንዴ? እንዲያውም ያኔ ነው ጎንበስ ብሎ ማየት።

የመረጃው ጉድለት ራሱ የሚጠና ነገር ነው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶችን ቤት ለቤት ሄዶ ጠይቋል። አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶብኛል ካሉት ውስጥ እርዳታ የፈለጉት ከአራት አንዷ ያህል ብቻ ናቸው። እነሱም ቢሆኑ በአብዛኛው የሄዱት ወደ ጎረቤትና ወደ ዘመድ ነው። እንግዲህ ፖሊስ ጣቢያ ያለው መዝገብ ምን ያህሉን ይዟል ማለት ነው? ይህን የምናውቀው በናሙና ጥናት ነው። ናሙና ደግሞ የኮርሱ አንድ ምዕራፍ ነው። መዝገቡ አይታመንም የሚለውን የጸሐፊውን ክርክር በማስረጃ ማቆም የሚችለው ያው እሳቸው ይቅር ያሉት ትምህርት ነው።

ይህን የተረዳ ሰው ሪፖርት ሲያነብ ዓይኑ ይለወጣል። በአንድ ሰፈር የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚያይ አዲስ ክፍል ተከፈተ እንበል። በዓመቱ የጥቃት አቤቱታ በእጥፍ ጨመረ። ጥቃት በዛ ማለት ነው? ምናልባት የበዛው ጥቃቱ ሳይሆን የሚሰማ ጆሮ በመገኘቱ የሚናገረው ሰው ይሆናል። ይህን ያልለየ ኃላፊ ጥሩ የሠራችውን ባለሙያ ወንጀል አበዛሽ ብሎ ይገመግማታል። በሽምግልና ያለቀው ነገርም መዝገብ አይገባም። በእኛ አካባቢ ይህ ቀላል ድርሻ አይደለም።

ከዚያ አካፋዩ አለ። 40 ስርቆት የተመዘገበበት ቀበሌና 60 ስርቆት የተመዘገበበት ቀበሌ ቢኖሩ የቱ የባሰ ነው? የመጀመሪያው 8,000 ሰው ከኖረበት ለ100,000 ሰው 500 ስርቆት ይደርሳል። ሁለተኛው 20,000 ሰው ከኖረበት 300 ይሆናል። ጥሬ ቁጥሩ የተናገረው ተገለበጠ። ግን የነዋሪውን ቁጥር ከየት እናምጣ? የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ባሕር ዳር ከዚያ ወዲህ ምን ያህል እንደሰፋች ወደ ዘንዘልማ ወይም ወደ መሸንቲ አቅጣጫ በባጃጅ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። የምንጠቀመው ግምት ነው። አካፋዩ ካነሰ ወንጀሉ ከእውነታው በላይ የበዛ ይመስላል። ነዋሪው በትክክል ቢታወቅ እንኳ መናኸሪያና ገበያ ያለበት ቀበሌ ሌላ ጣጣ አለው። ቅዳሜ ገበያ ላይ ኪሱ የሚገባበት ሰው የዚያ ቀበሌ ነዋሪ ላይሆን ይችላል። በጥምቀት ሰሞን ወደ ከተማው የሚገባውንም ሕዝብ አስቡ። ያን ሁሉ ስርቆት እዚያ ለሚያድረው ጥቂት ሰው ብቻ አካፍሎ ቀበሌውን የሌባ ሰፈር ማለት ግፍ ነው። የሰፈር ስም አንዴ ከጠፋ ደግሞ ወጣቱ ያለ ጥፋቱ ይፈተሻል፣ ቤት የሚከራይም ይሸሻል።

ስለ መረጃ ካነሣን ሁላችንም በቃል የምናውቃትን «ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወቅት ጋር ሲነጻጸር» የምትል ሐረግ ሳላነሣ አላልፍም። አንድ ወረዳ አምና በሩብ ዓመቱ ሁለት ግድያ ነበረበት፣ ዘንድሮ አራት ሆነ እንበል። በመቶኛ 100 ጨመረ። ስብሰባው ይናወጣል። የሞተ ሰው ነፍስ አንድም ቢሆን ከባድ ነው፤ እሱ ሌላ ነገር ነው። ግን ሁለትና አራትን በመሰለ ትንሽ ቁጥር ላይ እንዲህ ያለ መዋዠቅ ያለ ምንም አዲስ ምክንያት ሊመጣ ይችላል። በቀጣዩ ዓመት ወደ ሁለት ሲመለስ ደግሞ «በ50 በመቶ ቀነሰ» ተብሎ ምስጋና ይሰጣል። ምንም ያልተደረገ ሊሆን ይችላል። የአምስትና የስድስት ዓመቱን አብሮ ማየት የሚያስተምረን ይኸው ኮርስ ነው። የፍርድ ቤት መዝገብ ላይም ክረምት ሲመጣ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፍርድ ቤቶች ለዓመታዊ ዕረፍት ሲዘጉ የውሳኔ ቁጥር ይወርዳል። ያ የዳኞች ስንፍና አይደለም፣ የቀን መቁጠሪያ ነው።

ኮምፒውተር ይሠራዋል የሚለውን በአጭሩ ልመልስ። ኮምፒውተር የሰጡትን ሁሉ ያሰላል። ወንድን 1፣ ሴትን 2 ብላችሁ መዝግባችሁ አማካይ አውጣልኝ ብትሉት ለምሳሌ 1.3 ብሎ ይሰጣችኋል። የተከሳሾች ፆታ አማካይ 1.3 ነው ማለት ምን ማለት ነው? ምንም። ኤክሴልም ሆነ ኤስፒኤስኤስ የሚባሉት የስሌት ፕሮግራሞች ግን ቅር አይላቸውም። ስሌቱን ለማሽኑ እንተውለት፣ እስማማለሁ። ጥያቄው የእኛ ነው።

የቀረው የአባቶቻችን ጉዳይ ነው። ጸሐፊው አውጫጭኝን ያነሣሉ። ጥሩ አነሡ። ወንጀል ሲሠራ ያገሩ ሰው ሁሉ ይሰበሰብ ነበር። የቀረ ይቀጣል። ወንጀለኛው ሳይወጣ ሰው በቀላሉ አይበተንም። አባቶቻችን የቀረውን ሰው ለምን ይቀጡት ነበር? ያልመጣው ሰው የያዘው ወሬ ከመጣው ሊለይ እንደሚችል ስለገባቸው ነው። ምናልባት የሸሸው ራሱ ወንጀለኛው ነው። ዛሬ በናሙና ጥናት ላይ ያልመለሱት ሰዎች እነማን ናቸው ብለን የምንጨነቀው ለዚሁ ነው። ስለዚህ አውጫጭኝ ለእኔ ይመሰክራል።

ግን ካነሡ አይቀር ሌባሻይንም ማንሣት ነበረባቸው። ልጁን መድኃኒት ያጠጡታል። ልጁ እየተንገዳገደ ይሄዳል፣ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ቆይቶ ተከለከለ እንጂ በዘመኑ የታመነ ዘዴ ነበር። ችግሩን አስተውሉ። ልጁ ሁልጊዜ የሆነ ቤት ይገባል። ሌባው አገር ጥሎ ቢጠፋም ይገባል። ዘዴው «አላገኘሁም» ማለት አያውቅም። ስንት ጊዜ አይጥ በበላ ዳዋ ተመቶ ይሆን? ይህን መጠየቅ የሚቻለው ዘዴው ስንት ጊዜ ንጹሕ ሰው ላይ ይጠቁማል ብሎ ለሚያስብ ሰው ብቻ ነው።

ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይምሰላችሁ። ዛሬም ፊት የሚለይ ካሜራ፣ ወንጀለኛ የሚተነብይ ሶፍትዌር እየተባለ ይመጣል። በ1,000 ሰው ውስጥ 10 ጥፋተኞች አሉ እንበል። መሣሪያው ከጥፋተኞቹ 90 በመቶውን ይይዛል። ከንጹሐኑ 5 በመቶውን ብቻ በስሕተት ይጠቁማል። ሻጩ ይህን ሲነግራችሁ ግሩም ነው ትላላችሁ። ቁጭ ብለን እናስላው። ከ10ሩ 9 ይያዛሉ። ከ990 ንጹሐን ደግሞ 50 ያህሉ ይጠቆማሉ። በአጠቃላይ 59 ሰው ተጠቆመ፣ ከነሱ ጥፋተኞቹ 9 ናቸው። መሣሪያው ከጠቆማቸው ከመቶ 85ቱ ያህል ምንም ያላደረጉ ሰዎች ናቸው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ተከሳሽ እስኪፈረድበት ንጹሕ ሆኖ ይገመታል ይላል። ይህን ስሌት የማያውቅ መርማሪ ግን መሣሪያው ከጠቆመው ጥፋተኛ ነው ብሎ ምርመራውን ይጀምራል።

ትምህርቱ ከሕግ ሙያ ውጭ የመጣ ነው ለሚሉም ጥቂት ልጨምር። ፈረንሳይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1820ዎቹ የአገሪቱን የወንጀል ቁጥር በየዓመቱ ማተም ስትጀምር ያንን ወስዶ በካርታ ላይ ያሰፈረውና በ1833 ያሳተመው ገሪ የሚባል ፈረንሳዊ ሕግ የተማረ ሰው ነበር። ትምህርት ባልተስፋፋበት ወንጀል ይበዛል የሚለው የዘመኑ እምነት ነበር። ያገኘው መረጃ ያን እምነት አልደገፈለትም። እንዲያም ሆኖ አሳተመው። እንግዲህ ይህን መንገድ የጀመሩት ከሒሳብ ሊቃውንት ጋር የሕግ ሰዎችም ናቸው።

ጸሐፊው ኮርሱ ይቅር ከሚሉ የመጫወቻ ካርታው ምሳሌ ይቅር ቢሉ፣ ፎርሙላው ፈተናው ወረቀት ላይ ተጽፎ ይሰጥ ቢሉ፣ ማጠቃለያ ፈተናው የአንድ ሩብ ዓመት የወንጀል ሪፖርት ይሁንና ተማሪው «እዚህ ጋ ምን ጎደለ?» ተብሎ ይጠየቅ ቢሉ አብሬያቸው እፈርም ነበር። አሁንም እፈርማለሁ። ፈቃዳቸው ከሆነ አንድ ቅዳሜ ክፍል መጥተው ከተማሪዎቹ ጋር ይቀመጡ፤ ሰንጠረዡን እኔ አዘጋጃለሁ።